ከእንግዲህ ፕሪንተር መምረጥ ቀረ

ውይ ውይ ውይ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ! ነይ እስቲ ወደ መስኮቱ ዞር በይና ልይሽ… ታዲያ ይሄ ዓይን ምን ሆነ? ምንም አልሆነ! እንደውም አምሮበታል። «ቀዶ ጥገና፣ ቀዶ ጥገና» እያልሽ ስታስፈራሪን እኔ እኮ በአንድ ዓይን የምትመጪ መስሎኝ ነበር። ሐኪሙ እጁ ይባረክ። ማንበብ ፈቀደልሽ? ጥሩ። ማልቀስስ? … ሳትጠይቂው መጣሽ? እንግዲህ ዛሬ ትሞክሪዋለሽ።

ቁጭ በይ፣ ወንበርሽን ማንም አልወሰደብሽም። ጠረጴዛሽን በየሳምንቱ የወለወልኩት እኔ ነኝ። አበባሽ ግን ሞቷል፣ ይቅር በይኝ። ውሃ ረስቼበት አይደለም፣ አብዝቼበት ነው። ሰው የሚጎዳው በክፋት ብቻ ነው ያለው ማነው? በደግነትም ይገደላል… ይሁን፣ ሌላ እናመጣለን። ሻይሽን ጠጪ፣ ሳይቀዘቅዝ።

ላፕቶፕሽን ከብረት ሣጥኑ አወጣሽው? ቁልፉን ይዘሽው ነው የሄድሽው አይደል? … በቦርሳሽ! ተባረኪ። እኔ እኮ «ቁልፏን ይዛ የምትዞር፣ ሰው የማታምን» እያልኩ ሳማሽ ነው የኖርኩት። ከዛሬ ጀምሮ ሐሜቱን ትቻለሁ። በይ አብሪው፣ ቀስ ብሎ ይቀስቀስ። ማንም ግን እንዳይነካብሽ። ጠዋት ደጅ ላይ ጠብቆ «ሰንብቷልና ላድስልሽ፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም» ያለሽ ሰው ነበር አይደል? አየሁት እኮ፣ ቦርሳሽን ሊቀበልሽ ሁሉ እጁን ዘርግቶ። ምን ያለ ሰው አክባሪ ነው! ሦስት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ «መቼ ነው የምትመለሰው?» እያለ ሲጠይቀኝ፣ እኔ ሞኟ ለዓይንሽ የተጨነቀ መስሎኝ ስመርቀው ከረምኩ።

ድምፄን ዝቅ ላድርግ? ለምን ብዬ? እዚህ ክፍል የምናወራው እኔና አንቺ ብቻ ነን። ጥግ ላይ ያለው የኮምፒውተር ባለሙያችን እንደሆነ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ሥራው ውስጥ ሰጥሟል፣ ምንም አይሰማም። ምን? የማዳመጫው ሽቦ ከጠረጴዛው ሥር ተንጠልጥሏል፣ ከምንም ጋር አልተያያዘም? … እንጃ እንግዲህ፣ የዘመኑ ዕቃ ነው፣ እኔ የመዝገብ ቤት ሴት ምን አውቅልሻለሁ? ደግሞ እኔ የማወራው ስለ ሌላ ሰው ነው። ስም አልጠራም። ስም መጥራት ነውር ነው።

አንቺ እረፍት የወጣሽው ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ነው አይደል? የዚያን ዕለት ጠዋት አዲሱ የውጤት መመዝገቢያ ፕሮግራም የገባልን ትዝ ይልሻል? ድሮ ቢሆን ባለሙያው በየቢሮው እየዞረ፣ «እስቲ ተነሺልኝ» እያለ በየወንበራችን እየተቀመጠ አንድ በአንድ ነበር የሚጭነው። ስትነሺ ስትቀመጪ፣ ሻይ ስታቀርቢለት፣ ስንት ቀን ይፈጅ ነበር! ያ የሰነፎች ሥራ ነው። የኛ ሰው ግን አንድ ፋይል ጻፈ፣ «ስክሪፕት» ይሉታል። እሱ ካለበት ንቅንቅ ሳይል በኮሌጁ ኮምፒውተር ሁሉ ላይ ፕሮግራሙ ራሱን በራሱ ጫነ። እዚህ መሀል ቆሞ ምን እንዳለንስ? «አንድ መስመር ብቻ ጨምሬላችኋለሁ፣ ከእንግዲህ ፕሪንተር መምረጥ ቀረ! አትም ካላችሁት ወረቀቱ የት እንደሚወጣ ራሱ ያውቃል።» አጨበጨብንለት እኮ! እኔ ነኝ ጭብጨባውን የጀመርኩት። እጄን ይቁረጠው።

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይላሉ። ምስኪን፣ ስሟን አጠፉት! እሷ እኮ ያጠበችው አንድ መጽሐፍ ነው፣ ያውም የራሷን ቤት።

ያቺን አንድ መስመር የት ተቀምጦ እንደሞከራት ታውቂያለሽ? ቤተ መጻሕፍት። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አይቶት ነው የነገረኝ። እዚያ ወንበሩ ይመቻል፣ መስኮቱም ሰፊ ነው፣ አዋቂ ሰው ደግሞ ብርሃን ይወዳል። እና ለሙከራ ብሎ አጠገቡ ያለውን ፕሪንተር ስም በመስመሯ ላይ ጻፈ። አትም አለ፣ ወጣለት፣ ደስ አለው። ደስታ ደግሞ ያስረሳል… የፕሪንተሩን ስም ሳይቀይር ፋይሉን ለሁላችን ለቀቀው። አየሽ እንግዲህ? የዲኑ ወረቀት፣ የሬጅስትራሩ ወረቀት፣ የፈተና ክፍሉ ወረቀት፣ ሁሉም ቤተ መጻሕፍት በር ሥር፣ ተማሪ ተሰልፎ ወረቀቱን በሚያወጣበት ፕሪንተር ላይ እንዲወጣ ታዘዘ። እኔ ስለ ጣሪያው ፍሳሽ የጻፍኩት አቤቱታ ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ደረሰ። እውነቱን ልንገርሽ፣ በአራት ዓመት ውስጥ «አይዞሽ እማማ» ብሎ የመለሰልኝ አካል ቢኖር እነሱ ናቸው።

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ሲባል እሰማ ነበር። ውሸት ነው! ይኸው ለአራት መቶ ተማሪ በቃ፣ ተረፈም።

እየሳቅሽ ነው? ሳቂ። እኔም እስከዚህ ድረስ ስቄያለሁ።

ካዝናዋን ታውቂያታለሽ… የፈተና ጸሐፊያችንን። «ካዝና» የምንላት በከንቱ ነው? ሃያ ስድስት ዓመት ፈተና ስትጽፍ አንዲት ጥያቄ ከዚያ ክፍል ሾልካ አታውቅም። ሻይ ይዘሽ ብትገቢ ነጠላዋን ስክሪኑ ላይ ጣል ታደርጋለች። የተበላሸውን ወረቀት እንኳ በመቀስ እንደ ሽንኩርት ከትፋ፣ ግማሹን አንዱ ቅርጫት፣ ግማሹን ሌላው ቅርጫት ውስጥ ነው የምትጥለው። አንድ ቀን ዲኑ ራሳቸው «የሒሳቡን ፈተና እስቲ ልየው» ቢሏት፣ «ጌታዬ፣ በፈተናው ቀን ከተማሪዎቹ ጋር ያዩታል» ብላ በሩን የዘጋችባቸው ሴት ናት።

ያን ሰኞ ከሰዓት የመጨረሻውን ፈተና ጨረሰች፣ በሩን ከውስጥ ቆለፈች፣ አትም አለችው። አጠገቧ ያለው ፕሪንተር ዝም። ቆየች… ዝም። ወደ ባለሙያው ደወለች። እኔ እዚህ ነበርኩ፣ በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት። «ወረቀት አልወጣ አለኝ» ስትለው ምን አላት መሰለሽ? «ደጋግመሽ ጫኚው።» በቃ፣ ይኸው ነው። ሰው ጥርሱን እየፋቀ እንኳ የሚሰጠው ምክር! እሷ ታዛዥ ናት፣ ደጋግማ ተጫነችው። ሦስት ጊዜ። እዚያ ታች የተሰለፈው ተማሪ የሦስት ዓመት ጸሎቱ በአንድ ከሰዓት ተሰማለት። አንዱ አነበበ፣ አንዱ ፎቶ አነሣ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ያላየው አልቀረም።

ከዚያማ ፈተናው ተሰረዘ፣ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ካዝናዋ ከሥራ ታገደች። «ሸጠችው» ያለም አለ፣ «ለዘመዷ ልጅ ልትሰጥ ነው» ያለም አለ። ትናንት እጇን ስመው የሚያልፉት መምህራን ዛሬ ደረጃ ላይ ሲያገኟት ስልካቸውን ያያሉ። ዛሬ ከምሳ በኋላ ኮሚቴው ውሳኔ ይሰጣል። ስንብት ነው አሉ። ሃያ ስድስት ዓመት ጠብቃ፣ ለጡረታ ሁለት ዓመት ሲቀራት፣ ወረቀት ሰርቃ ወጣች ተብሎ መዝገቧ ይዘጋል። ያን መዝገብ ደግሞ መደርደሪያ ላይ የማስቀምጠው እኔ ነኝ። በዚህ እጄ!

ቆይ፣ ሻይሽን ጨርሺ፣ አልቸኮልንም።

ኮሚቴው መቼም ፍርደ ገምድል አይደለም፣ ባለሙያ ጠይቋል። «ሲስተሙ ላይ ችግር አለ ወይ?» ብሎ ጽፎ ጠየቀ። መልሱን መዝገብ ቤት ስለማስገባው አንብቤዋለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፣ ውብ ናት፦ «በሲስተሙ ላይ ምንም ችግር አልተገኘም።» እንዴት ያለ እውነተኛ ሰው ነው! አንድ ቃል አልዋሸም እኮ። በጻፈበት ቀን እውነትም አልተገኘም፣ ፈተናው በወጣ ማግሥት ማለዳ ሰው ሳይገባ በየቢሮው ዞሮ ጠርጎታላ! ጽዳቷ ሴትዮ አይታዋለች። «አቧራ ላራግፍ ነው እናቴ» አላት፣ ባዶ እጁን፣ ጨርቅ እንኳ ሳይዝ። የሰነፍ ሥራ ያልነውን፣ አንድ በአንድ እየተቀመጡ መዞሩን፣ ያን ቀን ተማረው። እኔና የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ብንጮህ ማስረጃ የለንም። አንድም ኮምፒውተር አላስቀረ… አንዲት ብቻ። ባለቤቷ ዓይኗን ልትታከም ስትሄድ ብረት ሣጥን ውስጥ ቆልፋት የሄደች አንዲት ላፕቶፕ።

ምነው ደነገጥሽ? ሻይሽ ፈሰሰ እኮ! እንኪ ጨርቅ። ከላፕቶፑ አርቂው፣ አደራሽን።

እኔ ስለ ሰውየው ክፉ ለማለት አይደለም። ትሑት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን የሠራውን በየአደባባዩ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» ይል ነበር። እሱ ግን ሥራው ኮሌጁን ሁሉ ሲያነቃንቅ ስሙን እንኳ አላስጠራም። ክብሩን በሙሉ ለአንዲት አሮጊት ተወላት። ዝምታ ወርቅ ነው ይሉ የለ? የሱ ዝምታ ስንት ኪሎ ይመዝን ይሆን…

ከትናንት በስቲያ ቤቷ ሄጄ ነበር። ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ የሃያ ስድስት ዓመት የምስጋና ወረቀቶቿን እየደረደረች አገኘኋት። ለኮሚቴው ልታሳይ መስሎኝ «ጎሽ፣ ጥሩ አሰብሽ» አልኳት። «አይ፣ ልቀዳድዳቸው ነው፣ ልጁ ተወልዶ ሲያድግ አይቷቸው ‹ታዲያ ለምን አባረሩሽ?› እንዳይለኝ» አለችኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። «አንቺ እኮ ጥፋተኛ አይደለሽም፣ ያቺ መስመር ናት፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ነግሮሻል፣ ታውቂያለሽ!» ብዬ ጮህኩባት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «እጄ ይሆናል የተሳሳተው። ዓይኔም ደክሟል። እንዲህ ብዬ ፈርሜላቸዋለሁ። ሚስቱ ወሯ ገብቷል፣ አሁን ከሥራ ቢያወጡት ምን ይውጠዋል? እኔ ኖሬዋለሁ።»

አየሽ? ፈርማለች። ለሱ ብላ!

እንግዲህ አንቺ አዲስ ስለሆንሽ አታውቂው ይሆናል እንጂ፣ ካዝናዋ ያልወለደችው ልጅ አላት። የእህቷ ልጅ ነው፣ እናቱ ስትሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ሌላ ማን ነበረው? ይዛው መጣች፣ እዚህ ግቢ ውስጥ አደገ። ፈተና የምትጽፍ ቀን ከበሩ ውጭ አንዲት በርጩማ ታስቀምጥለታለች፣ እዚያ ቁጭ ብሎ የቤት ሥራውን ይሠራል። ውጭ ብርድ ቢሆንም፣ ቢያለቅስም በሩን አታሳልፈውም ነበር። «እማ፣ እኔ እኮ ማንበብ ገና አልችልም» ሲላት፣ «ስትችልም አትገባም» ትለዋለች። ካፖርቷን አውልቃ ታለብሰውና ተመልሳ ትቆልፋለች። ተማረ፣ ሊቀጠር ሲል የዲኑ በር ላይ ሦስት ቀን የቆመችው እሷ ናት። ለራሷ አንድ ቀን እንኳ በማንም በር ያልቆመች ሴት! በሕይወቷ የጠየቀችው ውለታ እሱ ብቻ ነው።

ልጁም አላሳፈራትም። ልጅ ሆኖ እንዳያልፍ የተከለከለውን በር፣ ትልቅ ሲሆን በአንድ መስመር ከነመቃኑ ነቀለው።

ያጎረሰ እጅ ይነከሳል የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ አልቀበልም። የኛ ሰው ጥርሱን አላነሣባትም፣ ኧረ በጭራሽ! ዝም ብሎ አፉን ገጠመ እንጂ። እጇ ውስጡ እንዳለ።

በቃ አታልቅሺ፣ ዓይንሽን! አልኩሽ አይደል? እንኪ መሐረብ። በስሱ አድርጊው፣ እንዳታሺው። መሳሳትማ ማን ይቀራል? እኔ ስንት መዝገብ አጥፍቻለሁ፣ አንቺስ የስንቱን ስም ገልብጠሽ ጽፈሻል። ሮጦ ሄዶ «አጥፍቻለሁ» ቢል ዲኑ አንድ ሁለት ቀን ይቆጡ ነበር፣ በሦስተኛው ቀን ይስቁበት ነበር። እኔ የማዝነው ለስሕተቱ አይደለም። በየቀኑ ማታ እሷ ዘንድ እየሄደ እራት ይበላል አሉ። «አይዞሽ እማ፣ ያልፋል» ይላታል አሉ። ይህን ስሰማ ነው እኔ እንቅልፍ ያጣሁት።

እንግዲህ ወደ ሥራችን እንመለስ። ተከፈተልሽ? ጎሽ። ባዶ ገጽ አውጪና ጻፊ። ስምሽን ጻፊ፣ የዛሬውን ቀን ጻፊ። ከሥሩ «ይህ ወረቀት ፕሪንተር ሳይመረጥ ከሬጅስትራር ክፍል፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከእኔ ላፕቶፕ የታተመ ነው» በይ። ሌላ አትጨምሪ።

ቆይ ግን፣ እንዳትጫኚው። ምን ያስቸኩለናል?

የኮሚቴው ሰብሳቢ አሁን የት እንዳሉ ታውቂያለሽ? ቤተ መጻሕፍት። ማን ወሰዳቸው? እንጃ… የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ «የዋሱትን መጽሐፍ ይመልሱ» ብሎ ጠርቷቸው ይሆናል። ከፕሪንተሩ አጠገብ ወንበር አቅርቦላቸዋል መሰለኝ። ሽማግሌ ናቸው፣ መቆም አይወዱም። ከዚህ ክፍል በር እስከሳቸው ወንበር አርባ ሦስት እርምጃ ነው፣ ደረጃውን ጨምሮ። ቆጥሬዋለሁ። ቁልቁለት ነው ደግሞ፣ አያደክምም። አንድ ሰው አሁን ብድግ ብሎ፣ አርባ ሦስቷን ወርዶ፣ «ጌታዬ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ እንጂ እናቴ አይደለችም» ቢል… ያቺን ወረቀት ማተም ምን ያስፈልገናል? አጥፍተናት ሻያችንን እንጠጣ ነበር። እኔም ለዚያ ሰው ለራሴ ልጅ ያልመረቅኩትን ምርቃት አወርድለት ነበር።

ሻይ ልድገምሽ? … አልፈልግም አልሽ። እኔ ልድገም። ስኳሩ አልሟሟ አለኝ፣ ትንሽ ላማስለው…

ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሽ? ሰው የተነሣ መስሎኝ ነበር።

አይ። መስኮቱ ነው።

እንግዲህ ሻዬንም ጨረስኩ። ብርጭቆውንም አጠብኩ፣ አደረቅኩም። ከዚህ በላይ ምን ልጠብ? ተጫኚው ልጄ። ደጋግመሽ እንዳትጫኚው፣ አንድ ጊዜ ይበቃል። … ተጫንሽው? ይኸው፣ እዚህ አጠገባችን ያለው ፕሪንተር ዝም። ደህና አድርጎ ዝም አለ። ከማን እንደተማረው እንጃ።

ስልኩ ነው፣ ቆይ እኔ ላንሣው። አቤት… እኔ ነኝ… ወጣ? … አንድ ገጽ፣ አዎ… ማን አነሣው? … እሳቸው ራሳቸው! … ጮክ ብለው አነበቡት? … እሺ። እሺ ጌታዬ፣ ላፕቶፑን ይዘን እንወርዳለን፣ ማንም አልነካውም። ካዝናዋን ጥሯት አሉ? … ተመስገን! ተመስገን… አይ፣ አላለቀስኩም፣ ጉንፋን ነው።

በይ እቀፊው፣ በሁለት እጅሽ። እንሂድ።

ውይ፣ አንተ ልጅ! ማዳመጫህን አወለቅከው? ረበሽንህ አይደል? ይቅር በለን የኔ ጌታ፣ ዝም ብሎ የሴት ወሬ ነው፣ ስለማታውቀው ሰው ነው የምናወራው። ምነው ፊትህ እንዲህ ገረጣ? በል ውሃ ጠጣ። ሚስትህ ዛሬ ነገ ናት አሉኝ፣ ወንድ ልጅ ነው አሉ። እሰይ! ፈጣሪ በሰላም ይገላግላት። ከመውረዴ በፊት እንዳንተ ላለ ሰው ምርቃት መንፈግ ኃጢአት ነው፣ እጅህን ዘርጋና ተቀበለኝ። ልጅህ ይደግልህ። መልኩም ጠባዩም ቁርጥ አንተን ይምሰል። ረጅም ዕድሜ ይስጥህ። ፀጉርህ ሸብቶ፣ ጉልበትህ ደክሞ፣ ባላጠፋኸው ሰው ሁሉ ጣቱን የቀሰረብህ ቀን… ልክ እንዳንተ ያለ ልጅ ከጎንህ ይቁምልህ።

አሜን በል እንጂ።